የአዋላጇ መኪና በር

ጠዋት ጠዋት፣ ጋራዡ ገና ተከፍቶ ወለሉ ውኃ ሳይረጭበት፣ ሻርፗን ከትከሻዋ ሳታወርድ፣ ከጃኬቷ ኪስ አንዲት ስስ ፌስታል አውጥታ ቀኝ እጇን ትከትባታለች። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና በሩ አጠገብ ያደረችውን መኪና በዚያ እጇ ከዳር እስከ ዳር ትዳስሳለች፤ ሳትጫን፣ ሳትቸኩል፣ የተኛ ሕፃን እንዳይነቃ ጀርባውን እንደሚደባብስ ሰው። መኪናዋ የማንም ትሁን፣ ሥራው የእሷ ይሁን አይሁን ግድ የላትም። ይህን ሳታደርግ ሻይ አትጠጣም፤ ለማንም በቅጡ «እንዴት አደራችሁ» አትልም።

ነገሩ እብደት አይደለም። ባዶ እጅ ይታለላል። ቀለም ላይ የተጣበቀች ደቃቅ ብናኝ፣ የዛፍ ሙጫ፣ የብረት ፍንጣቂ በባዶ እጅ ሲዳሰስ ምንም አይመስልም። በፌስታል ሲዳሰስ ግን ጣት ሥር እንደ አሸዋ ይንኮሻኮሻል። ይህን ያስተማራት ሰው የለም። መኪና አጣቢ ሆና ጋራዡ በገባችበት ዘመን፣ እጇ በሳሙና እየተሰነጣጠቀ ሲያስቸግራት ፌስታል አጥልቃ ስታጥብ ነው ራሷ የደረሰችበት። ላሜራ ቀጥቃጩ ይህን አይቶ «እመት ፌስታል» ብሎ ሰየማት፤ ስሙም ተጣብቆባት ቀረ። ደንበኛ ሳይቀር በሩ ላይ ቆሞ «እመት ፌስታል አለች?» ብሎ ይጠይቃል። እሷም «አለሁ» ትላለች እንጂ ተቀይማ አታውቅም።

ሥራዋ መኪና ማሸግ ነው። ቀለሙን ከፀሐይ፣ ከዝናብና ከወፍ ኩስ እንዲጠብቅ ከላዩ የሚቀባ ወተት መሳይ ፈሳሽ አለ፤ ጋራዡ ውስጥ «ማሸጊያ» ይሉታል። መኪናዋን አጥባና አጥርታ ስትጨርስ ማሸጊያውን በስፖንጅ እጅግ ስስ አድርጋ ትቀባለች። ጥቂት ቆይቶ ጉም እንዳለበሰው መስተዋት ሲደበዝዝ በጣቷ ጫፍ ታሰምርበታለች። መስመሩ ጥርት ብሎ ከታየ ደርሷል፤ ከተዝረከረከ ገና ነው። ሲደርስ በለስላሳ ጨርቅ ትጠርገዋለች። ያ አንድ እጅ ነው። መኪናዋን ጥላ ሥር ታሳድርና በማግስቱ ሁለተኛ እጅ፣ ጊዜና ፈቃድ ካገኘች ደግሞ ሦስተኛ እጅ ትደርባለች። የሚቸኩል ደንበኛ አይጠፋም።

«አንድ እጅ አይበቃም እንዴ?» ይላታል።

«አንድ እግር ጫማ ከበቃህ ይበቃል» ትለዋለች።

በዚያው ጋራዥ ቀለም የሚቀባው ታናሽ ወንድሟ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ ሸሚዙን መቆለፍ እንኳ የማይችል ልጅ ነበር። አሳደገችው። አንድ ወቅት ለትዳር የጠየቃት ደህና ሰው ነበር፤ ሁሉም ነገር ተነጋግረው ካለቀ በኋላ «ልጁን ግን ለዘመድ ብትሰጪው» ቢላት ነገሩ በዚያው አበቃ። ያን ሰው ዛሬም መንገድ ላይ ስታገኘው በሰላምታ ታልፈዋለች። ልጁ ግን እንዳሰበችው አልተማረም። ደብተር ሲያይ ራሱን ያመዋል፤ ቀለም ሲያይ ይድናል። ኋላም ጋራዥ አስገባችው፤ የጋራዡ ልጆች ትምህርት ቤት የነፈገውን ማዕረግ በሽሙጥ ሰጡት፦ «ቀለሜው» አሉት። አላሳፈራቸውም። የትኛውንም መኪና አንድ ጊዜ አይቶ ቀለሙን በጥብጦ ሲያመጣው አዲሱ ከአሮጌው አይለይም።

አንድ ነገር ብቻ አለበት። የሰው መኪና ቁልፍ ሲያይ እጁን ይበላዋል። ባለፈው ዓመት የደንበኛ መኪና ሳያስፈቅድ ይዞ ወጥቶ ተይዟል። ባለጋራዡ ጋሼ ሊያባርሩት ቆርጠው ነበር፤ እሷ እግራቸው ሥር ልትወድቅ ምንም አልቀራትም። ጋሼ ተነፈሱና «ስላንቺ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እሱ ዞረው፣ «ሁለተኛ የሰው ቁልፍ ነክተህ ባገኝህ፣ ብሩሽህን ይዘህ በዚያ በር ትወጣለህ። ያን ጊዜ እህትህንም አላይ» አሉት። አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲህ አግብቷል፤ ሚስቱም ነፍሰ ጡር ናት።

የደንበኞቿ ሁሉ ደንበኛ ደግሞ ጡረታ የወጡ አንዲት አዋላጅ ናቸው። ጥቁር ሰማያዊ ትንሽ መኪና አለቻቸው፤ ከልጅ ለይተው አያዩዋትም። በየዓመቱ ለማሸግ ሲያመጧት ቁልፉን ለጋሼ አይሰጡም፤ በእሷ መዳፍ ላይ ነው የሚያኖሩት። በዚህ ዓመትም፣ እህታቸውን ሊጠይቁ ከከተማ ሲወጡ፣ እንደዚያው አደረጉ።

«በሚመጣው ሳምንት መጨረሻ እመጣለሁ» አሉ። «ሌላ ሰው እንዳይነካብኝ።»

«ማንም አይነካትም፣ እማማ።»

«እኔ በዚህ እጄ ስንቱን ልጅ ተቀብያለሁ፤ እንዳንቺ ተጠንቅቄ ግን አላውቅም።»

«መኪና አያለቅስም፣ እማማ። እሱ ነው የሚቀለኝ።»

አዋላጇ እየሳቁ ሄዱ። እሷ ቁልፉን የቁልፍ ማስቀመጫው ሳጥን ውስጥ ሰቅላ መኪናዋን አጠበች፤ በማግስቱ የእረፍት ቀን ስለ ነበር ማሸጉን ከዚያ በኋላ ላለው ቀን አቆየችው።

ከእረፍቱ በኋላ ጠዋት መጥታ እንደ ልማዷ ፌስታሏን አጥልቃ ዓይኗን ጨፈነች። በሩ አጠገብ የቆመችው ሰማያዊዋ መኪና ነበረች። እጇ ከኮፈኑ ተነሥቶ በጎን በኩል እየተንሸራተተ ሄደ፣ ሄደ፣ የሾፌሩ በር ላይ ሲደርስ ፌስታሉ ያዝ አደረጋት። አሸዋ አይደለም፤ አይንኮሻኮሽም። ዝም ብሎ ይጣበቃል። ዓይኗን ገለጠች። በሩ እንደ ሌላው ጎን ሰማያዊ ነው። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። አዲስ ቀለም።

ያን ቀለም እንዲህ አመሳስሎ የሚቀባ ሰው በዚያ ጋራዥ አንድ ብቻ ነው።

ወንድሟን ከቀለም ክፍሉ ጀርባ፣ ባዶ ቆርቆሮዎች የተደረደሩበት ጥግ አገኘችው። እንደመጣች ሲያያት እጁ ላይ የነበረውን ጨርቅ አጣጠፈ፣ ዘረጋ፣ መልሶ አጣጠፈ።

«እትዬ፣ ድምፅሽን ቀንሺ።»

«ገና ምንም አላልኩም።»

«ዓይንሽ እየጮኸ ነው።»

«በሩ ምን ሆነ?»

ነገራት። ከትናንት በስቲያ ማታ ሚስቱ ሆዷን አመማት፤ ጮኸች። መንገድ ላይ ታክሲ ጠፋ። ጋራዡ ቅርብ ነው፣ የጋራዡ ቁልፍ እጁ ላይ ነበር፣ የሰማያዊዋም ቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ። ሐኪም ቤት አደረሳት። ሲመለሱ መታጠፊያው ላይ፣ የአሮጌው መጋዘን ግንብ ጋ፣ በሩን አስታከከው። በማግስቱ፣ በእረፍት ቀን፣ ብቻውን ገብቶ ቀጥቅጦ፣ ጉድጓዱን በስቱኮ ሞልቶ፣ ቀብቶ አደረ።

«ምን ላድርግ፣ እትዬ? ትሙትብኝ?»

አንጀቷን በላት። «አሁንስ?» አለች።

«ደህና ናት። ሐኪሙ ገና ነው አለ።»

«ጋሼ ያውቃሉ?»

«ቢያውቁ እዚህ ቆሜ የማወራሽ ይመስልሻል?» ጨርቁን ጣለው። «የቀረው ያንቺ ሥራ ነው። በሩ ካልታሸገ ከሌላው ጎን ጋር አይመሳሰልም፤ ብቻውን ፈዞ ይታያል። ጋሼ ደግሞ ዓይናቸውን ታውቂዋለሽ።»

«አዲስ ቀለም አይታሸግም። ቀለም ቀቢ ሆነህ ይህን እኔ ልንገርህ?»

መንገርም አያስፈልግም ነበር፤ ሁለቱም ያውቃሉ። አዲስ ቀለም ከላዩ ቢደርቅም ከሥሩ እርጥብ ነው። ሳምንታት ሙሉ እርጥበቱን ቀስ በቀስ እያስወጣ ይተነፍሳል። በዚያ ጊዜ ከታሸገ መውጫ ያጣው እርጥበት ሥር ሥሩን ይፈላል፤ ቀለሙ ይነጣል፣ ይቦካል፣ በፀሐይ ቀን ደግሞ ውኃ ይቋጥራል። አዋላጇ ግን የሚመጡት በሳምንቱ መጨረሻ ነው።

«አልችልም» አለች። ትታው ሄዳ የሌላ ሰው መኪና ስታጥብ አረፈደች።

በምሳ ሰዓት ሌሎቹ ተሰብስበው ሲስቁ ወንድሟ ጎማ ላይ ብቻውን ተቀምጦ ዳቦውን በእጁ ይዞ ያየዋል። እንደዚያ ሲቀመጥ ልጅ ሆኖ ነው የሚታያት፤ ሸሚዙ አንድ ቁልፍ የዘለለ። ጋሼ በዚያ በኩል ሲያልፉ ቆም አሉ።

«እመት ፌስታል፣ የአዋላጇ መኪና ምነው ቆመች? እጅሽ ሰነፈ ወይስ ፌስታል ተወደደ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እሷ አንድ ቃል ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ዓይኗ ግን ከወንድሟ ዓይን ጋር ተጋጨ።

«ዛሬ እጀምራለሁ፣ ጋሼ» አለች።

ጀመረችም። ኮፈኑ፣ ጣራው፣ ሌሎቹ በሮች እንደ ወትሮው ታዘዙላት፤ ማሸጊያው ደበዘዘ፣ መስመሩ ጥርት አለ፣ ጨርቁ ሲያልፍበት ውስጡ ሰማይ ታየ። የሾፌሩ በር ግን እምቢ አለ። ጠበቀች። ጣቷን አሳለፈች፤ ተዝረከረከ። ሌላውን ሁሉ ጠርጋ ጨርሳ ተመለሰች፤ አሁንም ተዝረከረከ። መጨረሻ ላይ ሳይደርስ ጠረገችው። ጨርቁ ያለፈበት መንገድ እንደ ቀንድ አውጣ ዱካ ታተመ።

እዚህ ላይ ስህተቷን ሠራች፤ ማሸጊያ ያልያዘ እጅ የማይሠራውን ስህተት። ሥራውን የማያውቅ ሰው ቢሆን ተበላሸ ብሎ ይተወው ነበር። እሷ ግን ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ እጅ ያልጠራውን በሁለተኛው፣ በሁለተኛው ያልጠራውን በሦስተኛው ስታጠራ ኖራለች። ስለዚህ ደረበች። በማግስቱ ሁለተኛ እጅ፣ በሚቀጥለው ሦስተኛ። በሩ ላይ ብቻ አራተኛ ጨመረች፤ ከዚያ በፊት አንዱን በር ከወንድሞቹ አብልጣ አታውቅም። እየቀባች ከንፈሯ ይንቀሳቀስ ነበር። ጸሎት ይሁን ልመና እሷም አታውቅም። በየእጁ ከላይ ያለው እየጠራ፣ ከሥር ያለው እየታፈነ ሄደ።

ሳምንቱ ሲያልቅ በሩ ከሁሉም በላይ አበራ። የሚያምር አበራር ግን አልነበረም፤ ትኩሳት የያዘው ሰው ዓይን ነው የሚመስለው።

አዋላጇ መጡ። መኪናቸውን ዞሩ፣ ዞሩ፣ ጣራዋን መታ መታ አደረጉ። «ከፋብሪካ የወጣች ቀን እንዲህ አልነበረችም» አሉ። ጋሼ ሥራውን ራሳቸው የሠሩት ይመስል ደረታቸውን ነፉ። ወንድሟ ከቀለም ክፍሉ በር ጀርባ በአንድ ዓይኑ ያያል። አዋላጇ ከእሷ ጋር ጥቂት ቆይተው፣ ገብተው፣ ሞተሩን አስነሥተው ሄዱ። ወንድሟ እያፏጨ ወጥቶ ሻይ ይዞላት መጣ።

«አየሽ? ምንም የለም» አላት።

ሻዩ ቀዝቅዞ ተደፋ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ብርቱካን ገዝታ የወንድሟን ሚስት ልትጠይቅ ሄደች። ወንድሟ ገና ከሥራ አልገባም። ምራትዋ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች፤ ክፍሏ ንጹሕ ናት፣ ጥግ ላይ ለሕፃኑ የታጠፉ ጨርቆች ተደርድረዋል።

«ያን ሌሊት አስፈራሽው አሉ» አለቻት ብርቱካን እየላጠች።

«የቱን ሌሊት?»

«ሐኪም ቤት የሄዳችሁበትን።»

ምራትዋ ሳቀች። «እኔ? ማን አለሽ? እኔማ እንቅልፍ ነው ያስቸገረኝ እንጂ ደህና ነኝ። ሐኪም ቤት ከሄድኩ ወሩም አልፏል። ያው ልጅሽ ነው እንጂ፣ ባለፈው ከጓደኞቹ ጋር አምሽቶ ፊቱ ጠቁሮ የመጣው። ምን ሆንክ ብለው ሥራ ነው አለኝ።»

እሷ ብርቱካኑን ላጠች። አንዱን ጨርሳ ሌላውን አነሣች፤ እሱንም ላጠች። ምራትዋ «እትዬ፣ ማን ሊበላው ነው ይኼ ሁሉ?» እስክትላት ድረስ ሳህኑ መሙላቱን አላየችም።

ወንድሟን ግቢው በር ላይ ጠበቀችው። ሲያያት ፈገግ አለ፤ ወዲያው ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ ቀረ።

«ሚስትህን ያላማጠችውን ምጥ አስማጥካት» አለችው።

መሬት መሬት አየ። «ልጆቹ አንድ ዙር ብቻ ብለው... እትዬ፣ እውነቱን ብነግርሽ ትረጂኝ ነበር?»

መልሱን ለመስጠት አሰበች፤ በእውነት አሰበች። ያመማት የደረሰችበት መልስ ነው።

«እረዳህ ነበር» አለች።

ውሸቱ እንኳ አላስፈለገውም ነበር።

«ሄጄ እነግራቸዋለሁ።»

«ለማን?»

«ለእማማ።»

«ለጋሼ ቢናገሩስ? ልጄ ሊወለድ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«እናታችን አደራ ብላሽ አይደል የሞተችው?» አለ፤ ድምፁ ተሰበረ፣ ወይም የተሰበረ አስመሰለው፤ ከዚያን ቀን ወዲህ መለየት አልቻለችም።

«አንተን ነው አደራ ያለችኝ። የአንተን ውሸት አላለችኝም» ብላው ሄደች።

መናገር ግን እንደ መሄድ አልቀለላትም። አንድ ቀን ዝናቡን ሰበብ አደረገች፤ ሌላ ቀን ድካሙን። መንገድ ላይ ሰማያዊ መኪና ባየች ቁጥር ወደ ማዶ ትሻገራለች። በመጨረሻ አንድ ፀሐይ የከረረበት ቀን የአዋላጇን መኪና መድኃኒት ቤት በር ላይ ቆማ አገኘቻት። ሰው አለመኖሩን አይታ ተጠጋች። በሩ ሞራ የጋረደው ዓይን መስሏል፤ ነጭ ደመና ከውስጥ ወጥቶበታል፣ ከታች በኩል መርፌ ጫፍ የሚያካክሉ እንክብሎች ተነሥተዋል። በጣቷ አንዷን ተጫነቻት። ለስላሳ ነበረች።

በሚቀጥለው የእረፍት ቀን ማሸጊያ የሚያነሣውን ፈሳሽና ጨርቆቿን በቦርሳ ይዛ የአዋላጇን ቤት አንኳኳች።

«ምነው በእረፍት ቀንሽ?» አሉ አዋላጇ።

«የመኪናዋን በር ትንሽ ላስተካክለው ብዬ ነው፣ እማማ።»

«ምን ሆነ? እኔ ዓይኔ ደክሟል፤ ምንም አይታየኝም።»

«እኔን ይታየኛል።»

አዋላጇ ልባቸው ተነካ። በረንዳው ጥላ ላይ ወንበራቸውን አምጥተው ተቀመጡ፤ እሷ ስትሠራ ስለ ድሮ ሥራቸው አወሯት። አልወጣም ብሎ ሲያስለቅስ አድሮ ኋላ ፖሊስ ስለ ሆነ ልጅ፤ ባሏ ምጧን ሰምቶ ከእሷ ቀድሞ ስለ ወደቀ እናት። እሷ «ውይ» ትላለች፣ «እስቲ» ትላለች፤ እጇ ግን ይሠራል። ዓላማዋ ማሸጊያውን ብቻ አንሥታ ቀለሙ እንዲተነፍስ መተው ነበር። የመጀመሪያው እጅ ተነሣ፤ ሁለተኛው ተነሣ። ከሥር ያለው ቀለም ግን እንደ ቅቤ ላልቶ ነበርና ጨርቁን አንሥታ ስታየው ሰማያዊ ነው። እጇን ቶሎ ሰበሰበች። መዳፍ የሚያህል ቦታ ላይ ስቱኮው ግራጫ ሆኖ ፈጠጠ።

«ያ ግራጫው ምንድን ነው?» አሉ አዋላጇ። ይህን ያህል ያያሉ።

መዋሸት ይቻል ነበር። ውሸቱ ምላሷ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ የድሮ ጉዳት ነው፣ ከእርስዎ በፊት የነበረው ባለቤት ያስጠገነው ነው። ጨርቁን መሬት አኖረች።

«በሩ ተገጭቶ ነው፣ እማማ። ወንድሜ ሳያስፈቅድ ወስዷት ገጨው። እኔም እያወቅኩ አሸግኩት።»

ስድብ ጠበቀች፤ ስድብ ቢመጣ ይቀላት ነበር።

«የገጨው ሰውን ነው?» አሉ አዋላጇ።

«ኧረ አይደለም። የመጋዘን ግንብ ነው።»

«እንዴት አወቅሽ?»

አፏን ከፈተች። እሱ ነው የነገረኝ ልትል ነበር። የነገራት እሱ ነው፤ ሚስቱ ማማጧንም የነገራት እሱ ነው። በዚያ በር ላይ እጅ በእጅ ላይ ስትደርብ ከሥሩ ምን እንዳለ አንድም ቀን አልጠየቀችም።

«አላውቅም» አለች።

«ተነሺ» አሉ አዋላጇ። «ግንቡን አሳዪኝ።»

በተገፈፈው በር ገብተው አዋላጇ ነዱ። መታጠፊያው ጋ ሲደርሱ መኪናዋ ሳትቆም እሷ በሩን ልትከፍት ደረሰች። የመጋዘኑ ግንብ ረጅም ነው፤ ከወዲያኛው ጫፍ ጀመረች፤ ማስታወቂያ የተለጠፈበት፣ ሽንት ያቆሸሸው፣ ልጆች በከሰል የጻፉበት። ምንም የለም። ማዕዘኑ ላይ ስትደርስ፣ ከወገቧ ዝቅ ብሎ፣ ድንጋዩ ተፍቆ ክንድ የሚያህል ሰማያዊ ሰረዝ አየች። በጣቷ ዳሰሰችው። ቀለሙን ታውቀዋለች። ግንቡን ተደግፋ ቁጭ አለች፤ መንገደኛ እያያት አለቀሰች።

አዋላጇ ከመኪናው ወርደው ሰረዙን አዩና እሷ አጠገብ ቆሙ። «በዚህ አመስግኚ» አሉ።

ሲመለሱ ነው የቀረውን የተናገሩት፤ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ።

«ለጌታሽ እኔ አልናገርም። ወንድምሽ ራሱ ይናገር። መኪናዬን ግን ከእንግዲህ ሌላ ቦታ እወስዳታለሁ።»

«እሺ፣ እማማ።»

«ቂም ይዤ አይደለም። ካሁን በኋላ እጅሽን ሳይ እጠራጠራለሁ። ያ ደግሞ ለሁለታችንም ድካም ነው።»

ወንድሟ አልተናገረም። ዛሬም አልተናገረም። ሚስቱ ሴት ልጅ ወለደች፤ እሷም ሄዳ አቅፋለች፣ ልጅቷም አውራ ጣቷን ጨብጣ አልለቅም ብላታለች። ጋራዥ ውስጥ ግን ቀለሜው «ደህና አደርሽ» የሚላት ለጎረቤት እንደሚባለው ነው። ጋሼ ባለፈው «አዋላጇ ምነው ጠፉ?» ብለው ጠየቁ። እሱ ብሩሹን ሲያጥብ ነበር፤ ውኃው ጠርቶም ማጠቡን አልተወም። እሷም ባልዲዋን አንሥታ ወጣች። አንድ ቀን ጋሼ በሌላ ሰው አፍ ይሰሙታል፤ ያን ቀን መዘዙ ለሁለቱም ይመጣል። ማታ ማታ የሚያስጨንቃት ግን ያ አይደለም።

ይህን ሁሉ ተናግራ ስታበቃ ታሪኳን ለምትጽፍላት ልጅ አንድ ነገር ብቻ እንዳታስገባ ለመነቻት። «ወንድሜንም ጻፊው፣ ውሸቴንም ጻፊው፣ መንገድ ላይ ማልቀሴንም» አለች። «ያቺን ግን ተያት።»

ያቺ አዋላጇ መኪናቸውን ሊወስዱ የመጡ ቀን የሆነች ናት። ዞረው አይተው ሲጨርሱ፣ ከመግባታቸው በፊት፣ ቀኝ እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት። በፈሳሽ የተላጠ፣ ጥፍሩ ሥር ነጭ የቀረበት እጅ ነው። ገለበጡት፣ መዳፉን አዩ፣ ሳሙት። «ይህች እጅ አትጣ» አሉ። «የነካሽው ሁሉ ይቅና። ያመነሽ አይፈር። ከእጅሽ በረከት አይጥፋ።» የሾፌሩ በር ከጀርባቸው ያበራ ነበር። እሷም ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ በእያንዳንዱ ምርቃት ላይ፣ አንዱንም ሳታጎድል፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «አሜን» አለች።